እሑድ እሑድ የምትታመመው መኪና

ዜናው የደረሰኝ ረቡዕ ዕለት፣ ከእናቶች የጸሎት ስብሰባ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ነው። ስብሰባ ላይ ስልክ አልከፍትም፤ ልማዴ ነው። ማርታ ከሶዶ የድምፅ መልእክት ልካለች። የማርታን መልእክት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ሰላምታ ብቻ ነው። በወላይትኛ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት፣ ጭራሽ አይታቸው ስለማታውቃቸው ጎረቤቶቼ ሳይቀር ጠይቃ ስታበቃ ነው ወደ ነገሩ የምትገባው። የግንብ ጥላ ስር ቆሜ አዳመጥኩ። «ሾፌራችን ጋሽ ጦና አረፉ፤ ትናንት አገራቸው ዲምቱ ቀበርናቸው» አለች። ከዚያ ለቅሶ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳረጀ ስትዘረዝር ቆየችና፣ «አንድ ሽማግሌ ደግሞ ‹ያቺን መኪና ወንዝ ያሻገራት ጦና› ብለው ሰዉን አሳቁት፤ ትዝ ይልሻል አይደል ሚቼ?» ብላ ራሷም ሳቀች። ሚቼ በእኛ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው።

ትዝ ይለኛል። ድሬዳዋ ከመጣሁ ልጆች ወልጄ፣ ኩዬ ድሬ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ያቺን መኪና ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ መኪና መካከል በድምፅዋ እለያታለሁ። የሶዶው ቤተ ክርስቲያናችን ንብረት ነበረች፤ እኛ የመዘምራን መኪና እንላታለን እንጂ በሽተኛም ታደርስ ነበር፣ ሙሽራም፣ ለክረምት የሚገዛ ማገዶም። ከእኛ በፊት ብዙ እጅ የዞረች አሮጌ ሚኒባስ ናት። ቀለምዋ ክሬም ነው ይባላል፤ ግማሹ ግን የገጠር መንገድ አቧራ ነበር። የጎን በሯ ሲዘጋ ከውስጥ አንድ ሰው፣ ከውጭ አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ሞተሯ እንደ ሌላው መኪና ከፊት አይደለም፤ በሾፌሩና በጋቢናው ተሳፋሪ መካከል፣ ወፍራም ክዳን ስር ነው። ክዳኑ ላይ ቆዳ ነገር ተለብጦበት ሰው ይቀመጥበታል። የሶዶን የዳሞት ተራራ ጉም የሚያውቅ ሰው የዚያ ክዳን ጥቅም ይገባዋል። እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጉሙ ከተራራው ወርዶ አደባባዩን ሲሸፍነው፣ እዚያች ሙቅ ክዳን ላይ ለመቀመጥ ሴቶቹ የምንጋፋው ጉድ ነው። ከሰዓት በኋላ ከቆላ ስንመለስ ደግሞ ያቺው ክዳን ምጣድ ትሆናለች፤ ያኔ «አንቺ ተቀመጪ፣ የለም አንቺ» መባባል ይመጣል።

ያኔ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ቦምቦሊኖ ከተጨመረበት ሃያ አምስት። ጠጪውንም እኔ የማየው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ማዶ ካለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው፤ እኛ መዘምራን ሳንዘምር አንበላም ነበር። የለበስነው ሰማያዊ የቴትሮን ጋውን ነው፣ ነጭ አንገትጌ ያለው፤ የሶዶ መርካቶ መውጫ ላይ ያሉ ባለ አንድ ስፌት መኪና ልብስ ሰፊ የሁላችንንም በአንድ ልክ ሰፍተውት ረጅሙ እስከ ጉልበቱ፣ አጭሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። ከስር ያለው ጫማ አይነሳ፤ ኮንጎ ጫማ ያደረገ አለ፣ ሸራ አለ፣ የወንድሙን ያደረገም አለ። አኮርዲዮናችን አንዱ ቁልፉ ሲነካ ይጣበቅና ራሱ ይዘምራል። እንዲያም ሆኖ ለገጠር አጥቢያዎች ልንዘምር ሻንቶ ከተማ ስንደርስ የገበያተኛው ልጅ ሁሉ ከመኪናዋ ኋላ ይሮጣል። ዛሬ የልጅ ልጆቼ መዝሙር በስልካቸው ሲከፍቱልኝ ደስ ይለኛል፤ ጥራቱ ሌላ ነው። ግን ከድምፁ ስር ያ የሞተር ዱክዱክ የለበትም።

እኔ የንብረት ክፍል ነበርኩ። ጋውኖቹን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ናፍታሊን ከትቼ የማስቀምጥ እኔ፤ ቅዳሜ ማታ መኪናዋ እንድትታጠብ ተረኞችን የምጠራም እኔ። ዕድሜዬ ሃያ አልሞላም። ጥንቁቅ ናት እየተባለ ለታናናሾቼ ምሳሌ ተደርጌ እጠቀስ ነበር፤ መጠቀሱንም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እወደው ነበር። ጋሽ ጦና ደግሞ ያኔ ወደ አርባ የሚጠጉ፣ ዝምተኛ፣ ቁመታቸው ከመሪው ጋር የሚታገል ሰው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ለገጠር አጥቢያዎች ዕቃ ያደርሳሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ተመልሰው መኪናዋን ግቢ ያቆሙና ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥተው በጭነት መኪና ወደ እናታቸው፣ ወደ ዲምቱ ይሄዳሉ። እሑድ ሳይነጋ ይደርሳሉ። ከእናታቸው ቤት ሁልጊዜ የተቀቀለ ቦዬ፣ ድንች መሳይ ሥር ነው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያመጣሉ፤ «ብሉ፣ ባዶ ሆድ ድምፅ አያወጣም» ይሉናል። እኛም መሐላችንን ረስተን እንበላለን።

አንድ እሑድ እንግዳ ሰባኪ መጡ። ውጭውን አጥቦ ውስጡን አቆሽሾ ስለሚኖር ሰው ሰበኩ። ጉባኤው አለቀሰ። ሰው ሁሉ ስለ ልቡ ሲያስብ እኔ ስለ መኪናዋ አሰብኩ። እውነቴን ነው። በየሳምንቱ ጎማዋንና መስታወቷን እናሳምራለን፣ ከክዳኑ ስር ያለው ግን ዘይትና አቧራ የተጋገረበት፣ ጥቁር ድቡልቡል ነው። በዚህ ላይ ተቀምጠን ልንዘምር? በሚቀጥለው ቅዳሜ ተረኞቹ ውጭውን አጥበው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ክዳኑን አነሳሁ፤ በባልዲ ዱቄት ሳሙና በጠበጥኩ፤ በልብስ ብሩሽ ፈተግኩት፤ በሦስት ጆግ ውሃ አለቀለቅሁት። ሞተሩ እንደ ሠርግ ድስት አበራ። ላዩን በጨርቅ አድርቄ ክዳኑን መለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ በጎ ነገር ሲሠሩ ጥሩንባ አይነፋም ተብለን ነው ያደግነው።

በማግሥቱ እሑድ መኪናዋ ታመመች። መነሳቱንስ ከብዙ ማሳል በኋላ ተነሳች። ቆማ ስትሠራ ግን፣ ሾፌሮች ሚኒሞ የሚሉት ያ ዝግ ያለ ድምፅዋ፣ እንደ ወባ በሽተኛ ያንቀጠቅጣታል። ዱክ ዱክ ይልና አንዱን ይዘላል። ዱክ ዱክ፣ ዝም፣ ዱክ። የእኛም ጥርስ አብሮ ይንገጫገጫል። ዳገት ላይ ጉልበት አጥታ ወንዶቹ ወርደው ገፉ፤ ከጭስ ማውጫዋ አንዴ «ቡፍ!» ስትል የአንድ ሰውዬ አህያ ከነሸክሟ እርሻ ገባች። ሻንቶ የደረስነው ስብከቱ አልቆ ነው። ቤዝ የሚዘምረው ልጅ «ዛሬ እንኳን አልዘመርንም፤ ድምፄ ሁሉ ተቆራርጧል» ብሎ አሳቀን። እንደዚያ ቀለል አድርገን ነው የጀመርነው።

ሰኞ ጋሽ ጦና ጋሽ ወልዴ ዘንድ ወሰዷት። ጋሽ ወልዴ ቤተሰቦቻቸው ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ከዋርካ ስር የሚሠሩ መካኒክ ናቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው ያቺ መኪና ናት፣ ቀልዳቸውም በሃይማኖታችን ልዩነት ላይ ነው። ከፈቷት፤ ደህና ናት። አስነሷት፤ እንደ ሰዓት ትቆጥራለች። ካንዴላዎቹን፣ እሳት የሚጭሩትን ማለት ነው፣ ፈትተው ጠርገው መለሱ፤ ሚኒሞዋን በካቻቢቴ ትንሽ ከፍ አደረጉ፤ ሸኟት። ቅዳሜ እኔ አጠብኩ። እሑድ ታመመች። ሰኞ ተወሰደች፤ ደህና ናት። እንዲህ እያለ ስድስት ሰባት እሑድ ሄደ። ጋሽ ወልዴ «ጦና፣ ይቺ መኪና ከእናንተ ትሻላለች» ይሉ ነበር አሉ፤ «እሑድን ታከብራለች። ወደ እኛ አምጣትና ታርፍ!»

ሳቁ ግን እያጠረ መጣ። የሚጠብቁን አጥቢያዎች ተከፉ። አንዳንዱ ሰይጣን ዝማሬውን እየተዋጋ ነው ብሎ ጾም ያዘ፤ እኔም አብሬ ጾምኩ፤ ጾሜ አጠብኩ። ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ጀመሩ። መኪናዋ ቅዳሜ ጠዋት ከጋሽ ጦና ጋር ናት። እሑድ ትታመማለች። ታዲያ ቅዳሜ ምን ትሠራለች? ዕቃ አድርሶ ሲመለስ ወደ ዲምቱ ጠምዝዞ ስኳር ድንች ይጭንባት ይሆን? ይህ ወሬ መጀመሪያ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ወሬ እናት የለውም። ብቻ አንድ እሑድ ሰብሳቢያችን ጋሽ ወልዴን «እባክዎ፣ ስትታመም ይዩዋት» ብለው አስጠሯቸው። ጋሽ ወልዴ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ።

ያን ጠዋት እንደ ዛሬ አየዋለሁ። እኛ በጋውን ግቢው ውስጥ ተሰልፈናል። መኪናዋ ተነስታ ትንቀጠቀጣለች። ጋሽ ወልዴ ነጠላቸውን ለጋሽ ጦና አስይዘው ክዳኑን አነሱ።

«እስቲ ዝም በሉልኝ!» አሉን፤ አንዳንዶቻችን ስንለማመድ ነበር። «እናንተ በኋላ ትዘምራላችሁ፤ አሁን እሷ ትዘምር።»

ዝም አልን። እሳቸው ጆሯቸውን አዘንብለው ቆዩ። «አራት ናቸው» አሉ ወደ እኛ ዞረው፣ ሲያስተምሩ ደስ ይላቸዋል፤ «እንደ እናንተ በአራት ድምፅ ነው የምትዘምረው። አንዱ ግን ዝም ብሏል። የቱ ነው? ሦስቱ ሲጮኹ ዝም ያለውን በጆሮ አታገኘውም። ስለዚህ አንድ በአንድ ዝም አሰኛቸዋለሁ።» በደረቅ ጨርቅ የመጀመሪያውን የካንዴላ ገመድ ነቀሉ። መኪናዋ ይበልጥ ተንገዳገደች። «ይሄ ይሠራል።» መለሱት። ሁለተኛውን ነቀሉ፤ ልትጠፋ ደረሰች። «ይሄም ይሠራል።» ሦስተኛውን ነቀሉ። ምንም። ሞተሩ መነቀሉንም አላወቀ። «አገኘሁሽ!» አሉና ሞተሩን አጥፍተው ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይረው አስነሱት። አሁንም ያው ሦስተኛው ነው ዝም ያለው። «ካንዴላው ጥፋት የለበትም እንግዲህ፤ እሳቱ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው» አሉ። ሞተሩን አጠፉና ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበትን ጥቁር ክዳን፣ ካሎታ የሚሉትን፣ ፈቱት። ወደ ብርሃን ገልብጠው አዩት። ውስጡ ጠል የመሰለ ውሃ አቁሯል።

«ኧረ ይሄን ማነው ያጠመቀው?» አሉ። «እናንተ ደግሞ ስታጠምቁ ሙሉ በሙሉ ነው የምትነክሩት አሉ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያኔውኑ ነው የገባኝ።

ሰብሳቢያችን አልሳቁም። «ውሃ?» አሉ። «ልጆቹ የሚያጥቡት ውጭውን ነው። እዚህ ድረስ ውሃ ምን አመጣው?»

«ውሃ ከየትም ይገባል» አሉ ጋሽ ጦና።

«ከየትም አይገባም ጦና። ከወንዝ ነው የሚገባው። በዲምቱ በኩል ስንት ወንዝ አለ?»

ጋሽ ወልዴ «ወንዝ ነው አላልኩም፣ ውሃ ነው ያልኩት» ብለው ጀመሩ፤ ግን ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው እንግዳ ናቸው፣ ንግግሩም ከእጃቸው ወጥቷል። ካሎታውን እንዲያደርቁት ለጋሽ ጦና ሰጧቸው። ጋሽ ጦና በመሐረባቸው ጠረጉት። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቀና ብለው ተሰልፈን የቆምነውን አዩን፤ ከዳር ጀምረው እያዩ እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን አዩ። ዱቄት ሳሙና የላጠው፣ የተሰነጣጠቀ እጄን። ወደ ጋውኑ እጅጌ ሳብኩት። እሳቸውም ዓይናቸውን መለሱ። «ሳሙና ይሸታል» ቢሉ በቃ ነበር። አላሉም። ካሎታውን ገጥመው፣ ቁልፉን ከመኪናዋ ነቅለው በሰብሳቢያችን መዳፍ ላይ አኖሩና «እንግዲህ ለሌላ ስጡት» አሉ። ነጠላውን ለጋሽ ወልዴ መልሰው በእግራቸው ወጡ። መኪናዋ ደርቃ በደንብ ተነሳች፤ እኛም ሄደን ዘመርን። እኔም ዘመርኩ።

ሰኞ እናገራለሁ አልኩ። ሰኞ ሆነ፤ ረቡዕ፣ ከጸሎት በኋላ እናገራለሁ አልኩ። ያን ቅዳሜ ክዳኑን አልነካሁም፤ እንዴት ልንካው? እሑድ መኪናዋ ያለ አንዳች ሳል ሻንቶ ደረሰች። አዲሱ ሾፌር ተመሰገነ። «አያችሁ? ጦና ሲሄድ በሽታዋ አብሮ ሄደ» ተባለ። ጥንቃቄዬ ምስክር ሆኖባቸው ቆመ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የምናገረው ነገር እየከበደ፣ ሰዉ እየረሳው መጣ። አንድ ጊዜ መናኸሪያ ላይ ጋሽ ጦናን አገኘኋቸው፤ ትከሻቸው ላይ አዲስ የተገዛ የመቆፈሪያ ብረት አለ። ሸንኮራ ገዝተው ግማሹን ሰበሩልኝ።

«መኪናዋ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት ጋሼ።»

«እሰይ። ሙቅ ቦታሽን አልወሰዱብሽም?»

«አልወሰዱብኝም።» አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ...» አልኩ።

«መኪናው ሊሄድብኝ ነው፤ በይ እናትሽን ሳሚልኝ» ብለው ሮጡ። ያ የመጨረሻው ነው። በዓመቱ ተድሬ ወደዚህ መጣሁ።

ማርታን ከሰማኋት በኋላ፣ የጋሽ ጦናን ልጅ አልማዝን ለማጽናናት ደወልኩ። ዲምቱ አባቷ ያለሙትን የቲማቲም ማሳ እሷ ናት የያዘችው። በአማርኛ ጀምረን በወላይትኛ አለቀስን። ስሜን ስነግራት አወቀችኝ፤ «አባባ ስለ መዘምራኑ ያወሩ ነበር፤ ጥርሳችሁ ሲንገጫገጭ እያሳዩ ያስቁን ነበር» አለች። «የውሃ መሳቢያውን ሞተር ልናጥብ ስንል ደግሞ ‹መጀመሪያ እሳት የሚያልፍበትን በፌስታል ሸፍኑ› ይሉናል። ‹አንድ ጊዜ መኪናዬን የምትወድ ልጅ ሳታውቅ አጥባብኝ ነበር› ይላሉ። ማን እንደሆነች ስንጠይቃቸው ይስቃሉ እንጂ አይነግሩንም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ወንዙ የሚሉት እውነት ነው? ለቅሶው ላይም አነሱት። እሳቸው አንድ ቀን አልመለሱልንም፤ እኛም አፍረን ተውነው» አለችኝ።

ያኔ ተናገርኩ። እየተንተባተብኩ፣ ግን ተናገርኩ። ወንዝ የለም አልኳት፤ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ አልኳት። «ታ ጦሳው!» አለች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። «ለእኔማ ነገርሽኝ። ለእነሱስ?»

ልክ ናት። ጋሽ ጦና ቁልፉን ያስረከቡት በስልክ አይደለም፤ በግቢው መካከል፣ በሁላችን ፊት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ያን ጠዋት በሰማያዊ ጋውን ከእኔ ጋር ተሰልፋችሁ ለነበራችሁ፣ ውሃውን ላያችሁ፣ ወንዝ የሚለውን ቃል ለሰማችሁ። ማርታ፣ አንቺ ጀምሪው። በሕይወት ያላችሁትን ሰብስቡልኝ። አልማዝን ከዲምቱ ጥሯት፤ ከፊት አስቀምጧት። ለቅሶው ላይ ያሳቋችሁን ሽማግሌም ጥሯቸው፣ በአክብሮት፤ እሳቸው ያወሩት እኔ በዝምታዬ የሰጠኋቸውን ነው። በዚያው ግቢ፣ ከጉባኤው በኋላ፣ ሰው ሳይበተን ቆሜ በአፌ እናገራለሁ። አውቶቡሱ ሁለት ቀን ነው፤ ጉልበቴን እግዚአብሔር ይችለዋል። እናንተ ብቻ የትኛው እሑድ እንደሚሆን ተነጋግራችሁ ላኩብኝ።